ሁለት ዋጋዎችን በአንድ ሚዛን መመዘን

ማነጻጸር ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ነገሮችን በአንድ ዐይነት መስፈርት እየለኩ አንድነታቸውንና ልዩነታቸውን መግለጽ ነው። መስፈርቱ አንድ ካልሆነ ግን ንጽጽሩ ከንቱ ይሆናል። በገበያ አንዱ ነጋዴ ሽምብራውን በጣሳ፣ ሌላው በኪሎ ቢሸጥ፣ የጠሩትን ዋጋ ብቻ ሰምታችሁ የትኛው እንደሚረክስ ለመናገር አትችሉም። በመጀመሪያ ጣሳው ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ማወቅ አለባችሁ። ይህ ደንብ ለድርሰት ብቻ ሳይሆን ለኑሮም የሚያገለግል መሆኑን ለመረዳት የመኪና የረጅም ጊዜ ኪራይን እንደ ምሳሌ እንመልከት።

በዩናይትድ ስቴትስ ብዙ ሰዎች አዲስ መኪና በመግዛት ፈንታ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ይከራያሉ። ተከራዩ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል፤ ዘመኑ ሲያልቅ መኪናውን ይመልሳል። ክፍያው በዋነኛነት ሁለት ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው መኪናው በኪራዩ ዘመን ከዋጋው የሚቀንሰው ነው፤ ይኸውም በውሉ በተስማሙበት ዋጋና በመመለሻው ጊዜ ይኖረዋል ተብሎ በተገመተው ቀሪ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁለተኛው እንደ ወለድ የሚታሰብ ክፍያ ነው። ይህ ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በመቶኛ ሳይሆን እንደ 0.0025 ባለ ትንሽ ቁጥር ስለሆነ አንባቢን ያሳስታል። ቁጥሩ በ2,400 ሲባዛ ግን ተቀራራቢው የዓመት ወለድ ይገኛል፤ ስለዚህ 0.0025 ማለት 6 በመቶ ያህል ነው።

እንግዲህ በዚያ አገር የሚኖር አንድ የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ፣ ለአንድ ዐይነት መኪና፣ ለ36 ወር የሚቆዩ ሁለት የዋጋ ማቅረቢያዎች ደረሱት እንበል። አባትና እናት እንግሊዝኛ በሚገባ ስለማያነቡ ወረቀቱን የሚያነብላቸው፣ እንደ እናንተ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነው ልጃቸው ነው። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል «በወር 300 ዶላር»፣ በሁለተኛው ላይ ደግሞ «በወር 410 ዶላር» ተብሎ ተጽፏል። አባት «የመጀመሪያው በወር 110 ዶላር ይረክሳል» ብለው ብዕራቸውን ያነሣሉ። ልጁ ግን «አባባ፣ ጥቂት ይታገሡኝ» ብሎ በትንንሹ የተጻፈውንም ያነባል።

የመጀመሪያው ውል ሲፈረም 3,600 ዶላር ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ምንም አይጠይቅም። ለውል ማዘጋጃ 700 ዶላር፣ ለመመለሻ 400 ዶላር በሁለቱም ይከፈላል። ታክሱን ለጊዜው ትተን ስንደምር፣ የመጀመሪያው 10,800፣ 3,600፣ 700 እና 400 በድምሩ 15,500 ዶላር ይሆናል። ሁለተኛው 14,760፣ 700 እና 400 በድምሩ 15,860 ዶላር ይሆናል። በወር 110 ዶላር ይመስል የነበረው ልዩነት በወር ወደ 10 ዶላር ወረደ ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የመጀመሪያው ውል በዓመት 10,000 ማይል ብቻ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ለተነዳው ለእያንዳንዱ ማይል 25 ሳንቲም ያስከፍላል። ሁለተኛው 12,000 ማይል ይፈቅዳል። ቤተሰቡ በዓመት 12,000 ማይል የሚነዳ ከሆነ በሦስት ዓመት ውስጥ 6,000 ትርፍ ማይል ይኖረዋል፤ ይህም 1,500 ዶላር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ውል 17,000 ዶላር ይደርስና ከሁለተኛው በ1,140 ዶላር ይወደዳል።

ይሁን እንጂ ሁለተኛው ውል ለሰው ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም። በዓመት ከ10,000 ማይል በላይ ለማይነዳ ሰው የመጀመሪያው በ360 ዶላር ይረክሳል። በአንጻሩ ደግሞ መኪናው ከጥቂት ወራት በኋላ ቢሰረቅ ወይም ከጥቅም ውጪ ቢሆን፣ ቅድሚያ የተከፈለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ለተከራዩ አይመለስም። ከዚህ የምንረዳው ትክክለኛ ንጽጽር የነጋዴውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን የራስንም ኑሮ መመርመር እንደሚጠይቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የዩናይትድ ስቴትስ የሸማቾች ኪራይ ሕግ፣ አከራዩ በፊርማ ጊዜ የሚከፈለውን፣ የክፍያውን ጠቅላላ ድምርና ውሉ ከጊዜው በፊት ቢቋረጥ የሚደርሰውን ወጪ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሕጉ ግን ወረቀቱ እንዲሰጥ ያደርጋል እንጂ አንብቦ አያስረዳም። ማንበቡ የፈራሚው ፈንታ ነው።

እናንተም ነገ የቤት ኪራይ ውል ወይም የዕቃ ግዢ ዋጋ ለወላጆቻችሁ ታነቡ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሦስት ነገሮችን አስታውሱ፤ ዕቃው አንድ ዐይነት መሆኑን አረጋግጡ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚከፈለውን ሁሉ ደምሩ፤ ድምሩንም ከራሳችሁ ፍላጎት ጋር አገናዝቡ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የተፈረመ ውል ግን እንደ ፈሰሰ እህል በቀላሉ አይለቀምም።

መልመጃ

1. ቤተሰቡ በዓመት 11,000 ማይል ቢነዳ የትኛው ውል ይረክሳል? በስንት ዶላር?
2. በምንባቡ ውስጥ «ይሁን እንጂ»፣ «ግን» እና «በአንጻሩ» የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ምን ከምን ጋር እንደሚያነጻጽሩ አስረዱ።
3. በአካባቢያችሁ ለአንድ አገልግሎት የሚጠየቁ ሁለት ዋጋዎችን በአንድ መስፈርት እየለካችሁ በሦስት አንቀጽ አነጻጽሩ።