ማዘርቦርድን በምን እንመዝነው?



ለቤተ ሙከራ የሚገዙ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ሲመረጡ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በፕሮሰሰሩ ፍጥነትና በሜሞሪው መጠን ላይ ያተኩራል። ማዘርቦርዱ ግን «ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚስማማ» በሚል አንድ ሐረግ ይታለፋል። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር ይህ ቸልታ ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ሦስት መመዘኛዎችን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው የኃይል አቅርቦት ነው። ከፓወር ሰፕላዩ ለፕሮሰሰሩ የሚላከው 12 ቮልት ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ የሚሠራው ግን ከ1 ቮልት ብዙም በማይርቅ መጠን ነው። 100 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር በ1.25 ቮልት ቢሠራ 80 አምፔር ይስባል። ይህን ከረንት በሶኬቱ ዙሪያ የተደረደሩት የቮልቴጅ መቀየሪያ ፌዞች ይካፈሉታል፤ ፌዞቹ 4 ከሆኑ እያንዳንዱ 20፣ 8 ከሆኑ ደግሞ 10 አምፔር ይሸከማል። በሬዚስታንስ የሚባክነው ኃይል በከረንቱ ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ፣ ተመሳሳይ ፌዞች በቁጥር እጥፍ ሲሆኑ ይህ ብክነት በጠቅላላው በግማሽ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ የትራንዚስተሮቹ ጥራትና የሙቀት ማስወገጃው ብረትም አብረው መታየት አለባቸው።

ሙቀቱ የሚያሳስበን ዕድሜን ስለሚያሳጥር ነው። በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 2000 ሰዓት እንዲያገለግል የተሠራን ፈሳሽ ያለበት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር እንውሰድ። በተለመደው የምሕንድስና ግምት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ይሆናል፤ በ85 ዲግሪ 8000፣ በ65 ዲግሪ 32000 ሰዓት ማለት ነው። በዓመት 2000 ሰዓት ለሚሠራ ኮምፒውተር ይህ የ4 ዓመትና የ16 ዓመት ልዩነት ነው። ጠጣር ፖሊመር ካፓሲተሮች የሚተን ፈሳሽ ስለሌላቸው በዚህ ቦታ ይመረጣሉ።

ሁለተኛው የመስመሮች ድልድል ነው። ርዝመቱ ለግራፊክስ ካርድ የሚበቃ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ ሁሉ 16 መስመር አለው ማለት አይደለም፤ በውስጡ 4 ብቻ የተዘረጋለት አለ። በአንዳንድ ቦርዶች ላይ ደግሞ የኤም.2 ዲስክ ሲገባ አንዳንድ የሳታ ማገናኛዎች ሥራ ያቆማሉ። ይህን የሚገልጸው በማሸጊያው ላይ ያለው ሥዕል ሳይሆን በማኑዋሉ ውስጥ ያለው ሰንጠረዥ ነው።

ሦስተኛው የማደግ ዕድል ነው። የኤኤምዲ ኤኤም4 ሶኬት በ2017 የወጡትን የመጀመሪያዎቹን ራይዘኖችም፣ በ2020 የመጡትን ራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮችም ይቀበላል። ነገር ግን የባዮስ መያዣ ቺፓቸው 16 ሜጋባይት ብቻ በሆነ ቦርዶች ላይ የሁሉም ፕሮሰሰሮች ኮድ አብሮ ለመቀመጥ ቦታ ጠበበው። በመሆኑም ሶኬቱ አንድ ዓይነት መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ አምራቹ ያወጣው የፕሮሰሰሮች ዝርዝርና የባዮሱ ቅጂ መመሳከር አለባቸው።

እንግዲህ የግዥ መስፈርት የምታዘጋጁ ሁሉ፣ «ተስማሚ ማዘርቦርድ» በሚለው ሐረግ ፈንታ የካፓሲተሩን ዓይነት፣ የየማስገቢያውን የመስመር ብዛትና የሚደገፉትን ፕሮሰሰሮች ለይታችሁ እንድትጽፉ አሳስባለሁ። ያን ጊዜ ተጫራቾችን በዋጋ ብቻ ሳይሆን በሚመዘን ጥራት ማወዳደር ይቻላል።