የአርታኢን ትኩረት የሚያገኝ ጋዜጣዊ መግለጫ እንዴት ይጻፋል?

የማኅበር በዓል፣ የደም ልገሳ ወይም የቋንቋ ትምህርት ምዝገባ የሚያዘጋጁ ወገኖች ዝግጅታቸውን ለሕዝብ ከሚያሳውቁባቸው መንገዶች አንዱ ለመገናኛ ብዙኃን የሚላክ ጋዜጣዊ መግለጫ ነው። ይሁንና ወደ ዜና ክፍሎች ከሚደርሱት መግለጫዎች ብዙዎቹ ዜና ሳይሆኑ ይቀራሉ። ለዚህም ዘወትር ምክንያቱ የጉዳዩ ማነስ አይደለም፤ የአጻጻፍ ጉድለትም ነው።

የዘመናዊው ጋዜጣዊ መግለጫ አጀማመር በአብዛኛው ከአሜሪካዊው አይቪ ሊ ጋር ተያይዞ ይነሳል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1906 በአትላንቲክ ሲቲ አቅራቢያ ባቡር ከድልድይ ላይ ወደ ውኃ ወድቆ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዘመን የባቡር ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን አደጋ መሸሸግ ይቀናቸው ነበር። ለፔንሲልቫኒያ የባቡር ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሊ ግን የአደጋውን ሁኔታ የሚገልጽ ጽሑፍ ለጋዜጠኞች እንዲሰጥ፣ ዘጋቢዎችም ወደ ስፍራው እንዲሄዱ አደረገ። ኒው ዮርክ ታይምስ መግለጫውን ቃል በቃል አተመው። ጋዜጠኛ የሚፈልገው ውዳሴን ሳይሆን ሊታመንና ሊታተም የሚችል መረጃን መሆኑን ይህ ታሪክ ያሳያል።

በባህላችን ደብዳቤ በሰላምታ ይጀምራል፤ ንግግርም የክቡራን እንግዶችን ስም በመጥራት ይከፈታል። የጋዜጣዊ መግለጫ ሥርዓት ከዚህ ይለያል። የመጀመሪያው አንቀጽ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምንና እንዴት ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ መስጠት ይኖርበታል። አርታኢ ቦታ ሲጠበው ጽሑፉን ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ ዋናው ነገር ከላይ፣ ዝርዝሩ ከታች ይቀመጣል።

ለምሳሌ «ማኅበራችን ከተመሠረተ ጀምሮ በርካታ ሥራዎችን ሲያከናውን ቆይቷል» የሚል መግቢያ ለአንባቢ አዲስ ነገር አይነግርም። «በዱባይ የሚኖሩ 40 ኢትዮጵያውያን በመጪው እሑድ ደም ይለግሳሉ» የሚለው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዜና ይሆናል። ርእሱም እንዲሁ አጭርና ድርጊትን የሚናገር ይሁን። ቀጥሎ የአንድ ኃላፊ ወይም ተሳታፊ ንግግር ከሙሉ ስሙና ከኃላፊነቱ ጋር ይጠቀሳል፤ ንግግሩ ከላይ የተባለውን የሚደግም ሳይሆን የዝግጅቱን ምክንያት የሚያስረዳ ቢሆን ይመረጣል። በመጨረሻም ስለ አዘጋጁ አጭር መግለጫ፣ እንዲሁም ስልክ የሚያነሳ ሰው ስምና ቁጥር ይሰፍራል። ጠቅላላው ጽሑፍ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ መልካም ነው።

አማርኛ ተናጋሪዎች በተለይ ሊጠነቀቁለት የሚገባው የቀንና የሰዓት አቆጣጠር ነው። በእኛ አነጋገር «ከቀኑ 9 ሰዓት» የሚባለው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 15:00 ነው። ይህ ሳይስተካከል ወደ ዓረብኛ ወይም እንግሊዝኛ ቢተረጎም ዘጋቢው በተሳሳተ ሰዓት ይመጣል፤ ወይም ጨርሶ አይመጣም። አዲስ ዓመትም በአብዛኞቹ ዓመታት ሴፕቴምበር 11፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ስለሚውል ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ይገባል።

የመላኪያ ጊዜም ይታሰብበት። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ያርፋሉ፤ ዓርብ ደግሞ ግማሽ ቀን ይሠራሉ። በሳዑዲ ዓረቢያ የዕረፍት ቀናት ዓርብና ቅዳሜ ናቸው። ስለዚህ መግለጫው በሥራ ቀን፣ በማለዳና ከዝግጅቱ ቀናት አስቀድሞ ቢላክ ይመረጣል።

የገንዘብ ጥሪ የያዘ መግለጫ ደግሞ ከመላኩ በፊት የሕግ ጥያቄ ያስነሳል። በኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የመዋጮ ሕግ ገንዘብ ማሰባሰብን ፈቃድ ላላቸው አካላት ብቻ የሚተው ነው። ዓላማው ቅዱስ ቢሆንም ያለፈቃድ የተላለፈ ጥሪ አዘጋጁን ተጠያቂ ሊያደርገው ይችላል።

ከመላክ በፊት ስሞች፣ ቁጥሮችና ቀናት ዝግጅቱን በማያውቅ ሌላ ሰው ቢነበቡ ይጠቅማል። ያ ሰው አንብቦ ሳይጠይቅ የት፣ መቼና ለምን እንደሚሄድ ካወቀ መግለጫው ለአርታኢው ዝግጁ ነው።