ያውቁ ኖሯል? ዳማከሴና የምች ፀሐይ

ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያተኩሰውና ከንፈሩ ዙሪያ ውኃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣበት፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ «ምች መታው» ብሎ ወደ ጓሮ ይወጣል። የሚቀጠፈው ዳማከሴ ነው። ቅጠሉ መዳፍ ላይ ታሽቶ አረንጓዴ ጭማቂው ይወጣል፤ ሽታው ይሳባል፣ ግንባርና ገላ ይቀባል፣ ጥቂት ጠብታም ቡና ውስጥ ገብቶ ይጠጣል።

ተክሉ የበሶብላ የቅርብ ዘመድ ነው።

ፀሐይን መውቀሱም መሠረት አለው። የከንፈር ቁስሉን የሚያመጣው የሄርፒስ ቫይረስ አንዴ ከያዘ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ ኃይለኛ ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም የሰውነት በሽታን የመከላከል አቅም መዳከም ይቀሰቅሰዋል። የቀደሙት ሰዎች ቫይረሱን ሳያዩ ቀስቃሹን መለየታቸው እጅግ ያስደንቃል።

በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከዳማከሴ ቅጠል በውኃና በአልኮል የወጣው ንጥረ ነገር የአይጦችን ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳይቷል። ይህ ግን ተክሉ የሰውን በሽታ የመከላከል አቅም ያጎለብታል ለማለት አያበቃም። ወባ ባለበት አካባቢ ደግሞ ያተኮሰው ሰው ዳማከሴ ቢጠጣም ደሙን በዚያው ቀን መመርመር ይኖርበታል፤ ወባም የሚጀምረው በራስ ምታትና በትኩሳት ነው።