ጮቄን የሚያርሰው ውርጭ

ከአማኑኤል ከተማ ሆኖ የጮቄን ተራራ የሚያይ ሰው በክረምት አንዳንድ ቀን አናቱ ነጣ ብሎ ያገኘዋል። የዘነበ በረዶ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ሟሙቶ ያልቃል። እኔን የሚቆረቁረኝ ከዚህ የሚነሳው ወሬ ነው፦ ተምጫ፣ ጀደብና ጨሞጋ በበጋም የሚፈስሱት የተራራው በረዶ እየቀለጠ ስለሚመግባቸው ነው ይባላል። አይደለም። 4,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጮቄ ላይ ከዓመት ዓመት የሚቆይ በረዶ የለም። ወንዞቹን የሚያኖራቸው የክረምቱ ዝናብ ነው፤ ረግረጉ፣ የጓሳ ሣሩ ሥርና ጥቁሩ አፈር ይዘውት ቀስ እያሉ ይለቁታል።

የግግር በረዶ አሻራ የሚፈልግ ሰው ወደ ሰሜን ተራሮችና ወደ ባሌ ይሂድ። በሰሜን ተራሮች፣ ቧሂት ላይ፣ ግግሩ ገፍቶ ያመጣው የድንጋይ ክምር ዛሬም አለ። የባሌው ግግር እጅግ የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። እዚያው ባሌ፣ ሳነቴ ላይ ደግሞ ድንጋዮች ሰው የደረደራቸው ይመስል በረድፍ ተሰልፈዋል፤ አንዳንዱ ረድፍ እስከ 15 ሜትር ይሰፋል። ተመራማሪዎች እንደሚሉት የደረደራቸው በዚያ ብርዳም ዘመን የመሬቱ ደጋግሞ መጠጠርና መቅለጥ ነው።

ጮቄ ላይ ያው ሥራ በትንሹ ዛሬም ይሠራል፤ ሠሪው ውርጭ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር የመሬቱ ሙቀት ሽቅብ ያመልጣል። የአፈሩ ገጽ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ ከሥር ያለው ውኃ ገና አልረጋም፤ በአፈሩ ቀዳዳ እየተሳበ ይመጣና ገጹ ሥር ሲደርስ በረዶ ይሆናል። ተከታዩም ከታች ይጨመርበታል። እንዲህ እያለ ጎን ለጎን የቆሙ ቀጫጭን የበረዶ መርፌዎች ያድጋሉ፤ እያንዳንዱ አናቱ ላይ ቅንጣት አፈር ወይም ጠጠር ተሸክሟል። ማለዳ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል።

አንድ ማለዳ በግ የሚጠብቅ ልጅ ከጋቢው ውስጥ እጁን አውጥቶ ጓል ገልብጦ አሳየኝ። መርፌዎቹ እንደ መስታወት ጥርት ያሉ ነበሩ። «ጋሼ፣ ሌሊት ውርጭ አርሶት ነው» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

መርፌው አፈሩን የሚያነሳው ከተዳፋቱ ገጽ ወደ ውጭ ነው፤ ፀሐይ ስታቀልጠው ግን ቅንጣቱ በክብደቱ ቁልቁል ይወድቃል። በአንድ ሌሊት የሚጓዘው ከቁብ የማይቆጠር ነው። በጋውን ሙሉ ሲደጋገም ግን አፈሩ ልል ሆኖ ይቆያል፤ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ጠርጎ ወደ ዓባይ ይወስደዋል። የበቀለውን ቡቃያም ሥሩን እየበጠሰ ያነሳዋል።

ይህ ሁሉ የሚበረታው በተራቆተ አፈር ላይ ነው። ጓሳና የአስታ ቁጥቋጦ የሸፈኑት መሬት ሌሊት ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ አፈሩንም ሥር ይዞታል። እንግዲህ ጓሳውን ነቅለው እስከ አፋፉ ያረሱ፣ አጨዳ ሲያልቅም ማሳውን አስግጠው ለኅዳር ውርጭ ራቁቱን የሚተዉ ወገኖቼ አፈራቸውን በገዛ እጃቸው እየሸኙ ነው።

አየሩ ሲሞቅ ውርጩም ይጠፋል የሚሉ አሉ። ገብስና ድንች ግን ሙቀቱን ተከትለው 3,500 ሜትርን አልፈው ወጥተዋል። እዚያ ሌሊቱ ገና ይበርዳል፤ ማረሻው የሚከፍተውም እስከ ትናንት ጓሳ ለብሶ የኖረ አፈር ነው። ማረስ ግድ ከሆነ በማሳና በማሳ መካከል ጓሳውን በአግድም ሰፋ አድርጎ መተው ነው። ታጭዶ የቤት ክዳንና ገመድ ስለሚሆን ባለማሳው ከዚያም ቦታ ጥቅም አያጣም።