ስለ ቲማቲም ተክል ሕመም

የአሰላ ከተማ በአርሲ ደጋ፥ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ትገኛለች፤ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 2,400 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ አየሯ ቀዝቃዛ፥ ክረምቷም ዝናባም ነው። ይህ አየር ለስንዴና ለገብስ ይስማማል፤ ለቲማቲም ግን ፈተና ነው፤ ቲማቲም ፀሓይንና ሙቀትን የሚወድ ተክል ነውና።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲቃረብ፥ በነሐሴና በመስከረም፥ በጓሮ ያለ ቲማቲም ብዙ ጊዜ ይታመማል። ተክል አፍ ስለሌለው ሕመሙን አይናገርም፤ ነገር ግን በቅጠሉ፥ በግንዱና በፍሬው ላይ ምልክት ያሳያል። አትክልተኛም ይህን ምልክት እንደ ፊደል ማንበብ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ቅጠልን የሚያጠቁረው በሽታ ነው። በመጀመሪያ ውኃ የነካው የሚመስል ነጠብጣብ በቅጠሉ ላይ ይታያል፤ ኋላም ይሰፋና ይጠቁራል። ማለዳ ቅጠሉ ተገልብጦ ቢታይ፥ በነጠብጣቡ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ይገኛል። ግንዱም ይጠቁራል፤ ፍሬውም ቡናማ ሆኖ ኋላ ይበሰብሳል። ዝናብና ደመና ሲደጋገም፥ ደኅና የነበረው መደብ በጥቂት ቀን ውስጥ እሳት የለበለበው ይመስላል።

ይህን ያየ ሰው «ውርጭ መታው» ብሎ ሊተወው ይችላል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። ውርጭ ሰማይ በጠራበት ሌሊት ይወርዳል፤ ያገኘውንም ተክል ባንድ ጊዜ ይመታል፤ ከተክል ወደ ተክል ግን አይጋባም። በሽታው ግን በደመናና በርጥብ ቀን ከጥቂት ቅጠል ይጀምራል፤ እንደ ዱቄት የረቀቀ ዘሩም በነፋስ እየተወሰደ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይሻገራል። ድንች የቲማቲም ዘመድ ስለ ሆነ እርሱንም ያጠፋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1845 ዓ.ም. ይኸው በሽታ በአየርላንድ አገር በድንች እርሻ ላይ ወረደ፤ ከዚያም በተከተለው የብዙ ዓመት ረኃብ አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ አለቀ።

ሕመም ሁሉ ግን ተላላፊ አይደለም። ቅጠሉ ደኅና ሆኖ የፍሬው ጫፍ ብቻ ጠቁሮ ቢጎደጉድ፥ ምክንያቱ የውኃው አለመስተካከል ነው። ሥሩ አንድ ጊዜ ሲደርቅ፥ አንድ ጊዜ በውኃ ሲሰጥም፥ ካልሲየም የተባለው ማዕድን ወደ ፍሬው በሚገባ አይደርስም። ከደረቅ ቀናት በኋላ ብዙ ዝናብ ሲዘንብም ፍሬው ይሰነጠቃል። ለእነዚህ ተክሉን መንቀል አያስፈልግም፤ ውኃውን አመጣጥኖ ማጠጣት፥ ለትርፉም ውኃ ቦይ ማበጀት ይበቃል።

ቅጠልን የሚያጠቁረው በሽታ ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተክሉን አራርቆ መትከል፥ በእንጨት ደግፎ ከመሬት ማንሣት፥ የታችኛውንም ቅጠል መቀነስ ነፋስ እንዲያገኘውና ቶሎ እንዲደርቅ ያደርገዋል። ውኃም በሥሩ እንጂ በቅጠሉ ላይ አይፈስም። ከመዳብ የተሠራ መድኃኒት ደኅናውን ቅጠል ይጠብቃል እንጂ የጠቆረውን አያድንም፤ ስለዚህ የእርሻ ባለሙያ በነገረው መጠን አስቀድሞ ይረጫል። እጅግ የታመመው ተክል ደግሞ ተነቅሎ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል።

ፍሬ የያዘን ተክል መንቀል ልብን ያሳዝናል። ነገር ግን «ምናልባት ይቀላልኝ ይሆናል» ብሎ የሚተወው ሰው፥ የራሱን መደብ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ድንች ያጠፋል፤ ያም ድንች የአንድ ቤት ልጆች ምግብ ነው። አጥር ከብትን ይከለክላል፤ ነፋስን ግን አይከለክልም። ስለዚህ ጓሮውን የሚጠብቅ ሰው የጎረቤቱንም ጓሮ ይጠብቃል።

አባቶች «ነገር ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ማለዳ ተነሥቶ ተክሉን የሚጎበኝ ልጅ፥ ጥቂቱን ቅጠል በጊዜ ቢቆርጥ ብዙውን ተክል ያድናል። ነገ አየዋለሁ የሚል ግን ነገ የሚያየው ባዶ መደብ ነው።