የትምህርት ቤት ይዞታ ኮኦርዲኔት በሕንፃ ንድፍ ፕሮግራም፦ በቡታጅራና በወልቂጤ

የመማሪያ ክፍል ንድፍ በየትኛውም ከተማ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ሕንፃው የሚቆመው ግን በአንድ በተወሰነ ይዞታ ላይ ነው። ንድፉን ከይዞታው ጋር የሚያገናኙት ቀያሹ የሚሰጣቸው የምሥራቅና የሰሜን ቁጥሮች፣ ማለትም ኮኦርዲኔቶች ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች ወደ ኮምፒዩተር የንድፍ ፕሮግራም ሲገቡ በተለይ ሁለት ነገሮች ጥንቃቄን ይሻሉ።

የመጀመሪያው የቁጥሮቹ ትልቅነት ነው። ሁለቱም ከተሞች የሚገኙት በዩ.ቲ.ኤም. 37ኛው የሰሜን ዞን ሲሆን፣ ከምድር ወገብ ተነሥቶ የሚቆጠረው የሰሜን ቁጥር በቡታጅራ ወደ 898,000፣ በወልቂጤ ወደ 916,000 ሜትር ይጠጋል። ብዙ ፕሮግራሞች ሥዕሉን በመስኮቱ ላይ የሚያሳዩት ሰባት ያህል አኃዝ ብቻ በሚይዝ ስሌት ስለሆነ፣ በዚህ ርቀት ከ6 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ልዩነት ሊለይ አይችልም። ይህ ለአገር ካርታ ምንም አይደለም፤ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ግድግዳ ግን ብዙ ነው። መስመሮች ይሰባበራሉ፤ ማዕዘኖችም አይገጥሙም። ስለዚህ ሕንፃው ከፕሮግራሙ ዜሮ ነጥብ አጠገብ ይነደፋል፤ ከዚያም አንድ የይዞታ ችካል ተመርጦ እውነተኛው ኮኦርዲኔት በዚያ ነጥብ ላይ ይመዘገባል። ሥዕሉ ከስፍራው አይነቃነቅም።

ሁለተኛው ስሕተት በሥዕሉ ላይ ስለማይታይ የከፋ ነው። በአገራችን ብዙ ካርታዎችና የይዞታ ፕላኖች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የመለኪያ መሠረት ሲሆን፣ ይህም ከ1957 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የዓባይ ተፋሰስ ቅየሳ ወደ ኢትዮጵያ የገባ ነው። የእጅ ስልክና የሳተላይት ምስል ግን የሚጠቀሙት በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዓለም መሠረት ነው። አንዱ ችካል በሁለቱ ሲነበብ የስልኩ ቁጥር በምሥራቅ 90 ሜትር ያህል፣ በሰሜን ከ200 ሜትር ጥቂት በለጥ ብሎ ይገኛል። የአዲንዳን ቁጥር ሳይለወጥ በሳተላይት ምስል ላይ ቢቀመጥ፣ አዲሱ የመማሪያ ክፍል በደቡብ ምዕራብ በኩል በጎረቤት ይዞታ ላይ ያርፋል። አንድ ርእሰ መምህር በስልኩ ለክቶ ድንበራችን ተገፍቷል ብሎ ቢከስስም ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ፕላን የሚረከብ ሰው ከቁጥሮቹ በፊት የመለኪያ መሠረቱ ስም በወረቀቱ ላይ መጻፉን ይመልከት። ካልተጻፈ ቀያሹን መጠየቅ እንጂ መገመት አይገባም።

በሁለት ችካሎች መካከል ያለውን ርቀት በሜትር መለካትም ጥሩ ማረጋገጫ ነው፤ ተማሪዎችም ሊሠሩት ይችላሉ። ሆኖም ቡታጅራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና የካርታው ስሌትም ርቀትን ስለሚያሳጥር፣ በመሬት ላይ 100 ሜትር የሆነው በኮኦርዲኔት ሲሰላ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ያንሳል፤ በወልቂጤ ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል። ይህ የቀያሹ ጥፋት አይደለም።