መልክ ብቻ አይበቃም

የተለያየ ንጥረ ነገር የያዙ ሁለት ውሁዶች አንድ ዓይነት የውስጥ አደራደር ያለው ክሪስታል ሲሠሩ ኬሚስቶች አይሶሞርፊዝም ይሉታል። ነገሩን በ1819 በርሊን ውስጥ ያስተዋለው አይልሃርት ሚቸርሊኽ ነው። የፖታሲየም ፎስፌትንና የፖታሲየም አርሰኔትን ክሪስታሎች ቢያነጻጽር መልካቸው አንድ ሆነበት። ሰውዬው ቀድሞ የፋርስ ቋንቋ ተማሪ ነበር፤ ሕክምና የጀመረውም ሐኪም ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለመጓዝ አስቦ ነው። ኬሚስትሪ መንገድ ላይ አስቀረችው። ስዊድናዊው በርዜሊየስ ደግሞ ግኝቱን ይዞ የአተሞችን ክብደት አረመበት።

እኔን የሚያናድደኝ ብዙ ሰው «ቅርጻቸው አንድ ነው» ብሎ እዚያው ማቆሙ ነው። የገበታ ጨው ኪዩብ ይሠራል፤ የሞኝ ወርቅ የሚባለው ፓይራይትም ይሠራል። ታዲያ ምን ያገናኛቸዋል? ዋናው ፈተና አንዱ በሌላው ክሪስታል ውስጥ ገብቶ ቦታ መያዝ መቻሉ ነው።

ይህን በዓይን ማየት ለሚሻ ክሮም አሉም የሚባለው ክሮሚየም ያለበት ጨው አለለት። ስምንት ገጽ ያለውን ጥቁር ሐምራዊ ክሪስታል በክር አስሮ፣ ተራውን አሉም እስኪጠግብ ባሟሟ ውሃ ውስጥ ማንጠልጠል ነው። ቀን በቀን ቀለም የሌለው ሽፋን ይደርብበታል፤ የውስጡን ገጽና ጠርዝ ሳይስት ተከትሎ ያድጋል። ክሮሚየም በነበረበት አሉሚኒየም ተተክቶ አደራደሩ ሳይዛነፍ ይቀጥላል። ሐምራዊው ከነማዕዘኑ መሃል ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፈሳሹ ሳይቀዘቅዝ የሚነክሩ ችኩሎች ግን አሉ፤ ክሪስታሉ ሲሟሟባቸው ጨውን ይወቅሳሉ። ጥፋቱ የጨው አይደለም።

ለዚህ ጉዳይ የምወደው ማስረጃ ደግሞ እኛው ዘንድ፣ ደናክል ውስጥ አለ። ከዳሎል አካባቢ ምድር በታች የገበታ ጨውና የፖታሽ ማዕድኑ ሲልቫይት አብረው ይገኛሉ። ሁለቱም ኪዩብ ናቸው፤ የውስጥ አደራደራቸውም አንድ ነው። እንዲያም ሆኖ እንደ አሉሞቹ አይዋሃዱም። የሲልቫይቱ ፖታሲየም አዮን ከገበታ ጨው ሶዲየም አዮን በሲሶ ያህል ይገዝፋልና ቦታው ይጠበዋል። በከፍተኛ ሙቀት ቢዋሃዱ እንኳ ሲቀዘቅዙ ይለያያሉ። በአንድ አለት ውስጥ ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ በየራሱ ቅንጣት ሆኖ ይቀመጣል። አለቱን ፈጭቶ ፖታሹን ከጨው መለየት የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።